ያልተከፈተው 23ኛ ምዕራፍ

በድሮው ዘመን አንድ ሰው ባላጋራውን «በሕግ አምላክ!» ካለው፣ ባላጋራው ጉልበተኛም ቢሆን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም ነበር ይባላል። የሚያስቆመው ዱላ ሳይሆን ቃሉን ረግጦ መሄድ ነውር መሆኑ ነው። ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ያለው ጉልበትም ከዚህ ብዙ አይዘልም። ፖሊስም ወህኒ ቤትም የለውም፤ እሱ ይፈርዳል፣ የፈረመው አገር ይፈጽማል። ቱርክ የአውሮፓን የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ1954 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍርድ ቤቱ የአውሮፓ ኅብረት አካል ባይሆንም፣ የእሱን ቃል የማይሰማ አገር ለኅብረቱ አባልነት መታጨቱ ራሱ ትርጉም ያጣል። ቱርክ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ እጩ ናት። ከእጩዎቹ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ ደጅ የጠናችው እሷ ናት።

ስትራስቡርግ በታኅሣሥ 2019 «በሕግ አምላክ» ያለው ስለ ኦስማን ካቫላ ነበር። ካቫላ ነጋዴ ነው፤ መጽሐፍ ያሳትማል፤ ቱርኮችን ከኩርዶችና ከአርመኖች ጋር በባህል ለማቀራረብ ብዙ ገንዘብና ዕድሜ ያፈሰሰ ሰው ነው። በጥቅምት 2017 ከጋዚያንቴፕ ሲመለስ ኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። የ2013ቱን የጌዚ ፓርክ ተቃውሞ በማደራጀት፣ በ2016ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም እጅህ አለበት ተባለ። ስትራስቡርግ መዝገቡን መርምሮ፣ እስሩ በቂ ማስረጃ የሌለው ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ዝም ለማሰኘት የታለመ ነው ብሎ ወሰነ፤ ባስቸኳይ ይፈታ አለ። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ቀላል አይደለም። ፍርድ ቤቱ «ተሳስታችኋል» ማለት ልማዱ ነው፤ «አውቃችሁ ነው ያደረጋችሁት» የሚለው ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

በየካቲት 18 ቀን 2020 በሲሊቭሪ ወህኒ ቤት ግቢ ውስጥ ያስቻለው ችሎት ካቫላን ከጌዚው ክስ በነፃ አሰናበተው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ወዳጆቹም ሊቀበሉት ተሰናዱ። ካቫላ ግን ቤቱ አልገባም። በዚያው ምሽት ዐቃቤ ሕግ በመፈንቅለ መንግሥቱ ክስ እንዲያዝ አዘዘ። ሦስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ደግሞ የስለላ ክስ ተጨመረበት። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ፍርድ ቤት «ይለቀቅ» ያለውን ሰው ከበር ላይ መልሶ መውሰድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የቱርኩ ግን አንድ የራሱ ጥበብ አለው። በይግባኝ የነፃ መባሉ ውሳኔ ተሻረ፣ መዝገቦቹ ተጣመሩ፣ በሚያዝያ 2022 ደግሞ ፍርድ ተሰጠ። እስር ቤት ሲያቆየው ከነበረው የስለላ ክስ ነፃ ነህ፣ ቀደም ሲል ነፃ በተባልህበት በጌዚው ግን ጥፋተኛ ነህ ተባለና ጽኑ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከሦስት ወር በኋላ ስትራስቡርግ ቱርክ ፍርዱን ባለመፈጸሟ ግዴታዋን ጥሳለች ሲል በታላቁ ችሎቱ በየነ። በዚህ ዓይነት ሥርዓት አንድ አገር ሲፈረድበት በፍርድ ቤቱ ታሪክ ሁለተኛው ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዋ አዘርባጃን ናት።

የአንካራ ሹማምንት የሚሉት ነገር አላቸው፤ ፍርድ ቤቶቻችን ነፃ ናቸው፣ እኛ በሥራቸው አንገባም ይላሉ። በወረቀት ላይ እውነታቸውን ነው። የቱርክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 በ2004 ሲሻሻል፣ የአገሪቱ ሕግ ከዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ስምምነት ጋር ቢጋጭ ስምምነቱ ይበልጣል እንዲል ተደርጓል። አንቀጽ 153 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ሕግ አውጪውን፣ አስፈጻሚውንና ተርጓሚውን ሁሉ ይገዛል ይላል። ስለዚህ ቱርክ ሕግ አጥታ አይደለም። ሕጉ ተጽፎ፣ ዳኛው ተሾሞ፣ ፍርዱ ተነብቦ ሲያበቃ እስረኛው ካለበት ፈቀቅ አይልም።

ለዚህ ከጃን አታላይ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። (ስሙ በአማርኛ የሚሰጠው ትርጉም አያሳስታችሁ፤ ሰውየው በሶማ የማዕድን ጉድጓድ በ2014 ላለቁት 301 ሠራተኞች ቤተሰቦች ጥብቅና የቆመ ጠበቃ ነው።) በካቫላ መዝገብ 18 ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት እያለ የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈራረሳት የሃታይ ሕዝብ በግንቦት 2023 ለምክር ቤት መረጠው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የመመረጥ መብቱ ተጥሷል፣ ይፈታ አለ። የሰበር ፍርድ ቤቱ ሦስተኛ የወንጀል ችሎት ምን አደረገ? አልፈጽምም አለ፤ በዚህም አላበቃም፣ ውሳኔውን በሰጡት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች ላይ የወንጀል አቤቱታ አቀረበ። ዳኛ ዳኛን «እንዲህ ስለፈረድህ ወንጀለኛ ነህ» ብሎ ሲከስ ማለት ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ደግሞ ወሰነ፤ ሰበር ሰሚው ደግሞ እንቢ አለ። በጥር 2024 ምክር ቤቱ የሰበሩን ውሳኔ በጉባኤ አስነብቦ የአታላይን ወንበር ነጠቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጉዳዩ በድጋሚ ለውይይት ሲቀርብ የምክር ቤት አባላት በቡጢ ተቃመሱ፤ በምክር ቤቱ መድረክ ደረጃ ላይ ደም ፈሰሰ።

ነገሩን የሚያስቆጨው ቱርክ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዳበት የነበረች መሆኗ ነው። ሬጄፕ ጣይብ ኤርዶዋን የኢስታንቡል ከንቲባ ሳሉ፣ በ1997 መጨረሻ ሲኢርት በምትባል ከተማ በአደባባይ የግጥም ስንኞች በማንበባቸው ተከሰሱ። አሥር ወር ተፈረደባቸው፤ በ1999 አራት ወር ታሰሩ፤ ከፖለቲካም ታገዱ። ጋዜጦች «ከእንግዲህ የሰፈር ሹም እንኳን መሆን አይችልም» ብለው ጻፉ። ፓርቲያቸው በ2002 ምርጫ ሲያሸንፍ እሳቸው እገዳ ላይ ነበሩ። ሕጉ ተሻሽሎ እገዳው እንዲነሳ ድምፁን የሰጠው ታዲያ ዋናው ተቃዋሚ፣ የሪፐብሊካን ሕዝብ ፓርቲ ነው። ኤርዶዋን በመጋቢት 2003 በዚያችው በሲኢርት በማሟያ ምርጫ ተመርጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

በእነዚያ ዓመታት የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ከ2002 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ውስጥ የሞት ቅጣት ቀረ፤ የመንግሥት ደኅንነት ፍርድ ቤቶች ተዘጉ፤ የመንግሥት ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ በኩርድኛ አሰራጨ፤ አንቀጽ 90ም ተሻሻለ። ጄኔራሎቹም ሆኑ ፖለቲከኞቹ ያን ጊዜ መላእክት አልነበሩም። የአውሮፓ በር ግን ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ ለመግባት ሕግን ማቃናት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቅ ነበር።

በጥቅምት 2005 የአባልነት ድርድሩ ተጀመረ። ድርድሩ እያንዳንዱ አንድ የሕግ ዘርፍ የሚታይበት 35 ምዕራፎች አሉት። እስከ ዛሬ የተከፈቱት 16 ናቸው፤ በጊዜያዊነት የተዘጋው አንድ ብቻ፣ የሳይንስና ምርምር ምዕራፍ ነው። ቱርክ ወደቦቿን ለቆጵሮስ መርከቦች አልከፍትም በማለቷ ኅብረቱ በ2006 ስምንት ምዕራፎችን አገደ። የሳርኮዚ ፈረንሳይ ሌሎችን ያዘች። የጀርመኗ መራሂተ መንግሥት ሜርክል «ሙሉ አባልነት ሳይሆን ልዩ ሽርክና» ይሉ ነበር። ቆጵሮስም በ2009 በራሷ ስድስት ምዕራፎችን ዘጋች። ከስድስቱ ውስጥ 23ኛውና 24ኛው ይገኙበታል። ሃያ ሦስተኛው የዳኝነት አካልንና መሠረታዊ መብቶችን፣ ሃያ አራተኛው ደግሞ ፍትሕን፣ ነፃነትንና ደኅንነትን የሚመለከተው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አውሮፓ በየዓመቱ በምታወጣው ሪፖርት ቱርክን በፍርድ ቤቶቿ ነፃነት ትወቅሳለች። ስለ ፍርድ ቤት ነፃነት የሚነጋገሩበትን ጠረጴዛ ግን ራሷ ቆልፋ ቁልፉን በቆጵሮስ ዋና ከተማ በኒቆሲያ አስቀምጣዋለች። ኅብረቱ ለሞንቴኔግሮና ለሰርቢያ ግን እነዚህ ሁለት ምዕራፎች መጀመሪያ ተከፍተው መጨረሻ ይዘጉ ብሎ ደንብ አውጥቷል፤ የሕግ የበላይነት ዋና ነገር ስለሆነ። ለቱርክ ሲሆን ዋናው ነገር አልተከፈተም። የቆጵሮስ ቅሬታ ሐሰት ነው አልልም፤ ከ1974 ጀምሮ የደሴቷ ሰሜን በቱርክ ጦር እጅ ነው። ነገር ግን ዛሬ ወህኒ ያሉት የኢስታንቡል ጠበቆች ቆጵሮስን አልያዙም።

አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን በነጠላ ጫፍ አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይልኳቸው ነበር። ብራሰልስና አንካራም እንዲህ ተቆራኝተዋል፤ ልዩነቱ ሁለቱም ወደ ዳኛው የሚወስደውን መንገድ ትተው ገበያ መግባታቸው ነው። በመጋቢት 2016 ስምምነት አደረጉ፤ ቱርክ ስደተኞችን ትያዝ፣ ኅብረቱ ስድስት ቢሊዮን ዩሮ ይስጥ። ከአራት ወር በኋላ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሆነ። የዚያን ሌሊት ጄቶች ምክር ቤቱን ደብድበዋል፤ ወደ 250 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። ይህን ያደረጉትን መክሰስ የማንኛውም መንግሥት ግዴታ ነው። ግን በማግስቱ 2,745 ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ከሥራ ታገዱ። ያን ያህል ስም በአንድ ሌሊት አጣርቶ መጻፍ አይቻልም፤ ዝርዝሩ ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር ብሎ መጠርጠር የሞኝ ጥርጣሬ አይደለም። ቀጥሎም ከ125,000 በላይ የመንግሥት ሠራተኞች በአዋጅ ተባረሩ።

የማስረጃውን ዓይነት ለማየት ስትራስቡርግ በመስከረም 2023 የወሰነውን የአንድ የቀድሞ መምህር ጉዳይ ማንበብ ይበቃል። ሰውየው የሽብር ድርጅት (አንካራ የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ አቀናብሯል የምትለው የሰባኪው የፈቱላህ ጉለን ቡድን) አባል ነው የተባለው ባይሎክ የተባለ የመልእክት መለዋወጫ በስልኩ ተጠቅሟል ተብሎ ነው። ማጠናከሪያው ደግሞ በሕግ በተቋቋመ ባንክ ሒሳብ መክፈቱና በሕግ የተመዘገበ የመምህራን ማኅበር አባል መሆኑ ነበር። ታላቁ ችሎት ጥሰት አለ ብሎ ወሰነ፤ በተመሳሳይ ነገር ከ8,000 በላይ አቤቱታዎች ተሰልፈው እንደሚጠብቁም ገለጸ። የዚህ ዘመቻ ጫፍ አፍሪካም ደርሷል። የፈቱላህ ጉለን ተከታዮች የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ለቱርክ መንግሥት ማሪፍ ፋውንዴሽን እንዲተላለፉ አንካራ በየመንግሥታቱ ደጅ ስትመላለስ፣ የኢትዮጵያ ደጅ አንዱ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ የኢስታንቡል ከንቲባ ታስሯል። ኤክሬም ኢማሞግሉ በመጋቢት 2019 በ13,000 ገደማ ድምፅ አሸነፈ፤ ምርጫው ተሰረዘበት፤ በሰኔው ድጋሚ ምርጫ ልዩነቱን ወደ 800,000 አደረሰው። ምርጫውን የሰረዙትን «ቂሎች» ብሏል ተብሎ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ እስራት ተፈረደበት። በመጋቢት 18 ቀን 2025 የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማውን ሰረዘ፤ በ1990 ከሰሜን ቆጵሮስ የተዛወረው በሕገ ወጥ መንገድ ነው ተባለ። ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ የግድ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልታየ ጉድለት፣ ሰውየው እጩ ሊሆን ቀናት ሲቀሩት ታየ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፖሊስ በሩን አንኳኳ። ዐቃቤ ሕግ በሙስና ክስ ከ2,000 ዓመት የሚበልጥ እስራት ጠይቆበታል። የኢስታንቡል ማዘጋጃ ቤት ሙስና የለበትም ብዬ አልምልም፤ ሙስና ካለ ይመርመር። ግን ምርመራው ዲፕሎማ ሳይነጥቅና ተከሳሹን ሳያስር መሄድ የማይችለው ለምንድን ነው?

አውሮፓ ምን አለች? መግለጫ ወጣ፣ ስጋት ተገለጸ። ከአራት ወር በኋላ ጀርመን ለቱርክ የተዋጊ ጄት ሽያጭ ይዛው የነበረውን ተቃውሞ አነሳች። ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ የኔቶን ሁለተኛ ትልቅ ሠራዊት የሚያስቀይም የለም።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ለብዙዎች የዋህነት ይመስላቸዋል፦ 23ኛውና 24ኛው ምዕራፎች ይከፈቱ። ለኤርዶዋን ሽልማት ይሆናል የሚል ክርክር አለ፤ የሚናቅ አይደለም፣ ፕሬዚዳንቱ ፎቶግራፍ ይነሱበታል። ነገር ግን ምዕራፍ ሲከፈት መለኪያ ይጻፋል፤ «ካቫላ ይፈታ»፣ «የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈጸም» የሚለው በጽሑፍ ሰፍሮ ያለእነሱ አንድ እርምጃ አይኬድም ይባላል። የኢስታንቡል ጠበቃም በችሎት ፊት ይዞት የሚቆም ነገር ያገኛል። ዛሬ ያለው የስጋት መግለጫ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ደግሞ ቀኑ ይቀየርለታል።

ካቫላ፣ አታላይና ኢማሞግሉ የታሰሩት ስሙ ማርማራ በተባለው በዚያው በሲሊቭሪ ግቢ ነው። በ2020 «ነፃ ነህ» የተባለበት አዳራሽም በዚያው አጥር ውስጥ ነው።