ለአንድ እጥበት ካናቴራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር ጥቁር ካናቴራ
ቁም ሳጥን፣ ታችኛው መሳቢያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ከአንድ እጥበት በኋላ ስላሳዩት የጠባይ ለውጥ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ወር ቅዳሜ ገበያ ላይ በ400 ብር የገዛሁዎ፣ ነጋዴው «መቶ በመቶ ጥጥ ነው» ብሎ ስለማለልኝና በአንገትጌዎ ላይ የተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅም ይህንኑ ስለመሰከረችልዎ ነበር፤ ሁለት ምስክር ቆሞ ሦስተኛ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። በጄሪካን ካጠራቀምኩት ውኃ ቆጥቤ ባጠብኩዎ ዕለት ግን ቁመትዎ ወደ እምብርቴ ሲሸሽ ወርድዎ እንደ ድንኳን ተዘረጋ፤ ጥቁረትዎም እርስዎን ትቶ እናቴ ነጠላ ላይ ሰፈረ። ሦስተኛውን ምስክር ያኔ ጠራሁት። ከጫፍዎ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት ስለኩሰው፣ ጥጥ ቢሆን ነድዶ አመድ መሆን ሲገባው፣ ቀልጦ እንደ ጠጠር ደረቀ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም። እርስዎ ለጥምቀት ደርሰው፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሕዝቡ እልል ሲል እጄን ባነሳሁበት ቅጽበት ከብብትዎ እስከ ወገብዎ ተተረተሩ። አበው ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሆን ተረት አላዘጋጁም።

ተተኪ ፍለጋ በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ አዛውንት ሸማኔ ነው። እዚያ ልብሱን ማን እንደሠራው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሠሪው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይታያል፣ ዋጋውም ፊት ለፊት ይነገራል። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። የዘወትር ልብስ ይሠሩልኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ሳቁብኝ፤ «ልጄ፣ የእኔ ዋጋ ለሠርግ ነው እንጂ ለላብ አይሆንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጋቢ ለብሶ ሥራ መዋልም አይቻልም።

ከዚያ ወደ ሰልባጅ ዘለቅሁ። (ይህን ሲያነቡ እንዳይከፋዎ፤ ዘመዶችዎ ናቸው።) ከክምሩ ውስጥ ባሕር ማዶ የማያውቀኝ ሰው ለዓመታት ለብሶ፣ አጥቦና ሰልችቶት የጣለው፣ ነገር ግን ስፌቱ ንቅንቅ ያላለ ግራጫ ካናቴራ አገኘሁ። አንገትጌውን ስገለብጠው «በኢትዮጵያ የተሠራ» ይላል። አሮጌ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ፣ ይህ የአገሬ ልጅ ሲወጣ ሰነዱ ተሟልቶ በክብር ተሸኝቶ፣ ሲመለስ ኬላ እየሸሸ በኮንትሮባንድ ገብቷል ማለት ነው። እኛ አገር ደኅና ካናቴራ ሠርተን የምናገኘው ሌላ ሰው ከጨረሰው በኋላ ነው።

የሰፋችውን እጅ ሳስብ ደግሞ ደስታዬ ቀዘቀዘ። በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋበት ነው፤ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት በዚያ የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፈዋል። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነው፤ በዛሬው ዋጋዎ ሁለት እርስዎን አይገዛም። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ደመወዝ ወለል፣ ማለትም ከዚያ በታች መክፈል ስለማይፈቀደው መጠን፣ የሚሠራ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። እርስዎ ግን ወለል ሲባል ትዝ የሚልዎ የሚወለወለው ብቻ ነው።

ርካሽነትዎ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም። ገዢው ኩባንያ ዋጋ ሲያስቀንስ ፋብሪካው ክሩን ያሳሳል፣ ስፌቱን ያራርቃል፣ ከዚያም ወደ ሰፊዋ ይዞራል። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ የተደረመሰው ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ከዋዜማው ጀምሮ ግድግዳው ተሰንጥቆ እየታየ፣ የልብስ ሰፊዎቹ ግን ግቡና ሥሩ ተብለው ከ1,100 በላይ ሰዎች አልቀውበታል። ይህን ሁሉ በእርስዎ ላይ ማላከክ ግፍ ይሆንብኛል፤ ነጋዴው 450 ሲለኝ «ከ400 አልፍም» ብዬ ግማሽ ሰዓት የተከራከርኩት እኔው ነኝና።

ስለሆነም ወደ ሥራ ባልደረቦችዎ የሚያደርሱልኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። በአንገትጌያችሁ ላይ «በ30 ዲግሪ ይታጠብ» የምትለው መስመር በጎንደር ጄሪካን ዘንድ ትርጉም ስለሌላት፣ እሷ ተፍቃ በቦታዋ ለሰፊዋ ስንት እንደተከፈለ ይጻፍልን። የጥጡን ነገር እኔ በክብሪት አጣራለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ብብቱ የተጋለጠ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለነጠላዋ ባለቤት ለእናቴ፣
ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ በወለል መወልወያነት ተመድበው በማገልገል ላይ ለሚገኙት ታላቅ ወንድምዎ