ምረቃው ይቅርና መጽሐፉ ይሸጥ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ አዲስ መጽሐፍ ከሁሉ የበለጠ የሚሸጥበት ቀን የምረቃው ቀን ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ ባነር ይሰቀላል፤ የድምፅ መሣሪያ ይመጣል፤ የክብር እንግዳው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርስና ስላላነበበው መጽሐፍ ረዘም ያለ ንግግር ያደርጋል። ወዳጅ ዘመድ ከሰማንያ እስከ መቶ ቅጂ ይገዛል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሻይና ብስኩት ይቀርባል። የተረፉት ካርቶኖች በማግስቱ ጸሐፊው አልጋ ሥር ይገባሉ። ከሳምንት በኋላ ከዚራ ሰፈር ላይ መጽሐፉን የሚፈልግ ሰው ቢመጣ የት እንደሚሸጥ የሚነግረው አያገኝም።

በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ጸሐፊ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው፣ ለምረቃ የሚያወጣውን ገንዘብ ለአርታዒና ከኅትመት በኋላ ላለው አንድ ዓመት ስርጭት ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ። ምረቃ ደስታ ነው፤ ደስታን የሚቃወም የለም። ግን አዳራሹ የሚሰበስበው ጸሐፊውን የሚያውቁትን ነው። እነሱማ መጽሐፉን ያለ ባነርም ይገዙ ነበር።

የካርቶኑ ነገር የሚጀምረው ከምረቃው በፊት፣ ማተሚያ ቤት በር ላይ ነው። «ስንት ቅጂ?» ሲባል ጸሐፊው «አንድ ሺህ» ይላል፤ የአንዱ ዋጋ ይረክሳላ። ለምን እንደሚረክስ ግን ጥቂቱ ነው የሚጠይቀው። በኦፍሴት ለማተም ፕሌት (የገጾቹ ምስል የሚወጣበት ስስ ብረት) ያስፈልጋል። 160 ገጽ ያለው በኤ5 መጠን የተዘጋጀ መጽሐፍ በ16 ገጽ እየታጠፈ ሲታተም 10 እጥፋት ይሆናል። በወረቀቱ አንድ ፊት 8 ገጽ ከተቀመጠ ለውስጡ ብቻ እስከ 20 ፕሌት ይፈልጋል፤ ባለ ቀለም ሽፋኑ ደግሞ 4። ፕሌቱን ማውጣት፣ ማሽኑን ማስተካከል፣ ቀለሙ እስኪረጋ የሚባክነው ወረቀት፣ ይህ ሁሉ ወጪ መቶ ቢታተም ሺህ ቢታተም ያው ነው። ስለዚህ በብዙ ቅጂ ሲካፈል የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ዲጂታል ማተሚያ ፕሌት የለውም፤ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ግን በሃምሳም በሦስት መቶም ብዙ አይለዋወጥም።

እስቲ ለማስላት ያህል ቁጥር እንውሰድ። ሺህ ቅጂ በኦፍሴት አንዱ 150 ብር ቢወጣ 150,000 ብር ነው። ሦስት መቶ ቅጂ በዲጂታል አንዱ 220 ብር ቢወጣ 66,000 ብር ነው። መሸጫው 400 ብር ቢሆንና መደብሩ 35 በመቶ ቢወስድ ጸሐፊው እጅ የሚገባው 260 ብር ነው። ሦስት መቶው ሲሸጥ 78,000 ብር ይመለሳል። ዲጂታሉን የመረጠው ወጪውን ችሎ 12,000 ብር ተርፎታል። ሺህ ያሳተመው በዚያው ሽያጭ ገና 72,000 ብር ይጎድለዋል፤ ወጪውን እንኳ ለመመለስ 577 መሸጥ አለበት። «ርካሹ» ኅትመት ውድ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ሦስት መቶው ካለቀ ደግሞ የተገኙትን የፊደል ግድፈቶች አርሞ ሁለተኛ ዙር ማሳተም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ኦፍሴት ያዋጣ እንደሆነ የሚወስነው የሽያጩ ፍጥነት ነው። ዋጋ ስትጠይቁም 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ገብቶበት እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ብዙ ጠብ የተነሣው ከዚች ጥያቄ መዘንጋት ነው።

ይህ አካባቢ ለመጽሐፍ ሥራ እንግዳ አይደለም። ሐረር ጁገል ውስጥ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ሲጠረዙ ዘመናት አልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የከተማዋን ጥረዛ ጥንካሬና ውበት አድንቆ ጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ደግሞ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን እዚያው ሐረር፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ስፍራ፣ የቅዱስ አልዓዛርን ማተሚያ አቁመው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡ ነበር፤ ማተሚያው በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወርዷል። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት መሆኑ ነው። ያንን ታሪክ በምረቃ ንግግር ላይ መጥቀስ ይወደዳል፤ ከጥረዛው ጥንካሬ ግን የተማርን አንመስልም።

ምክንያቱም የዛሬው መጽሐፍ እዚህ አገር የሚሞተው በሙጫው ነው። አብዛኛው ማተሚያ ቤት የሚጠቀመው ቀልጦ የሚለጠፍ ትኩስ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል። ካርቶኑ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ወይም ናሙናው ባጃጅ መስታወት ሥር ሲቀመጥ፣ ቅጠሎቹ ከጀርባው ይላቀቃሉ። ጉዳዩ ሙቀት ብቻም አይደለም፤ ሙጫ ከመቀባቱ በፊት የወረቀቱ ጠርዝ በደንብ ካልተቧጠጠ ሙጫው አይይዝም። የወረቀቱ ጭረት፣ ማለትም የቃጫው አቅጣጫ፣ ከጀርባው ጋር ትይዩ ካልሆነ ደግሞ ገጾቹ ይወዛወዛሉ፤ መጽሐፉም ተከፍቶ አይቀመጥም፤ አንባቢው በግድ ሲጫነው ይሰነጠቃል። መፍትሔው ከሙሉው ኅትመት በፊት አንድ የተጠረዘ ናሙና መጠየቅ ነው። መሐሉ ላይ ከፍታችሁ ዘርጉት፤ አንድ ቅጠል ይዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ከወጣ አትረከቡ። አቅም ካለ እጥፋቶቹ በክር ተሰፍተው ከዚያ ይለጠፉ፤ ወጪው ይጨምራል፣ ግን ቤተ መጻሕፍት የሚገባ መጽሐፍ ያለ ክር ዓመት አይዘልቅም።

ወረቀቱ ለልብ ወለድና ለግጥም በካሬ ሜትር 70 ወይም 80 ግራም ይበቃል። በ60 ግራም ሲታተም የጀርባው ገጽ ፊደል አልፎ ይታያል፤ ለግጥም ባዶ ቦታው ስለሚበዛ ይህ በተለይ ያስጠላል። ለሽፋን ከ250 እስከ 300 ግራም። በአንድ ወገን ብቻ ላሚኔሽን የተደረገ ቀጭን ሽፋን በደረቅ ሙቀት ይጠቀለላል፤ ፕላስቲክ ያልለበሰው ወገን እርጥበቱን አጥቶ ስለሚኮማተር። የጀርባውን ውፍረት አስሉት፦ በ80 ግራም አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 160 ገጽ፣ ማለትም 80 ቅጠል፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። ይህ ሳይሰላ ሽፋን የሚሠራ ዲዛይነር ርዕሱን ግማሹን ፊት ለፊት፣ ግማሹን ጀርባ ላይ ያደርገዋል።

ፋይሉ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ረቂቅ አሁንም ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ተጽፎ ይመጣል፤ ያው ፊደል ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ገጹ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ከመጀመሪያው በዩኒኮድ መጻፍ፣ ለማተሚያ ቤት ደግሞ ፊደሉ የተካተተበት ፒዲኤፍ መላክ ነው። የውስጥ ኅዳጉ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ካልተተወ ቃላቱ ጥረዛው ውስጥ ይሰምጣሉ። ሽፋኑ በየዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ይኑረው፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል። ገጹም በ16 እንዲካፈል አድርጉ። 164 ገጽ ቢመጣ ለ4 ገጽ ብላችሁ ተጨማሪ እጥፋት ትከፍላላችሁ፤ አራት የምስጋና ገጽ ቢያጥር ግን 160 ላይ ይቆማል። (የምስጋና ገጽ ማሳጠር ሌላም ጥቅም አለው፤ እዚያ አንገባም።)

አርታዒ ስል በወዳጅነት «ድንቅ ነው» ብሎ የሚመልስ አንባቢ አይደለም። አዳራሹ የሚበላውን ገንዘብ ለሁለት ሰው ክፈሉ። አንዱ መዋቅሩን የሚያይ፣ ምዕራፍ እንድትጥሉ የሚደፍር ነው። ሌላው ፊደል አራሚ ነው፤ እሱም ሥራውን የሚጀምረው የአንድ ገጽ የአጻጻፍ ዝርዝር ይዞ ነው፦ ሐረር በየትኛው «ሐ»፣ ዓመተ ምሕረት በየትኛው «ዓ»፣ የሰዎች ስም እንዴት፣ ቁጥር በአኃዝ ወይስ በፊደል። ዝርዝሩ ከሌለ አንዱ ገጸ ባሕርይ በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ስም ይኖረዋል።

ከኅትመት በፊት ሁለት ወረቀት ይጠናቀቁ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይወሰዳል፤ በ978-99944 የሚጀምረውን በብዙ መጻሕፍት ላይ አይታችሁታል። ባርኮዱን ጥቁር መደብ ላይ አታሳትሙት፤ መሣሪያ አያነበውም። የቅጂ መብትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጸሐፊው ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃው በምዝገባ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል። አሳታሚ ካለ ደግሞ ስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ሒሳቡ መቼ ይተሳሰባል የሚለው ተጽፎ ይፈረም።

ስርጭት ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ሁሉም የሚያልቀው እዚህ ነውና። ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ መጽሐፍ የሚሸጠው በመጻሕፍት መደብር ብቻ አይደለም። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫዎች፣ ቡና ቤቶች፣ በእጁ ይዞ የሚዞረው አዟሪ አሉ። ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፤ ሐረር ላይ ፈረስ መጋላና አራተኛ አካባቢ። ለአንዱ ሱቅ ሠላሳ ቅጂ አትስጡ፤ አምስት ይበቃል። ሠላሳው መጋዘን ይገባና ይረሳል፤ አምስቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ተሸጦ የሚከፈል ከሆነ ቀን፣ የቅጂ ብዛት፣ የመሸጫ ዋጋና ድርሻ የተጻፈበት ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ተፈራርማችሁ ያዙ። ድርሻው ከ30 እስከ 40 በመቶ ቢሆን አትደንግጡ፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው። መደንገጥ ያለባችሁ ሒሳቡ መቼ እንደሚታይ ካልተጻፈ ነው። በየወሩ ተመላለሱ፤ ፀሐይ ያገረጣውን የመስኮት ቅጂ በአዲስ ለውጡ። እኩለ ቀን ላይ ግን አትሂዱ። በሙቀቱ ከተማው ይዘጋል፤ ባለ ሱቁ በርጫ (የጫት ሰዓት) ላይ ነው፤ ሒሳብ የሚነሣበት ሰዓት አይደለም። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲመጣ፣ ሰውም ገበያም አለ።

በዚያው ሰዓት ትንንሽ ንባቦችን አዘጋጁ። ሃያ ሰው፣ አንድ ግቢ፣ ድምፅ ማጉያ የሌለው። ጸሐፊው ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አያንብብ፤ ቀሪው ጥያቄ ይሁን። አንድ አዳራሽ በሚፈጀው ገንዘብ እንዲህ ያለ ምሽት በየወሩ ለአንድ ዓመት ይደረጋል፤ በየጊዜውም የሚመጣው ጸሐፊውን የማያውቅ ሰው ነው። ክፍያው በቴሌብር ይሁን፤ «ነገ እገዛለሁ» የሚለው ሰው ነገ አይመጣም።

መጽሐፍ በቴሌግራም መሰረቁን ሁሉም ያማርራል። ሙሉው ፒዲኤፍ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ለገምጋሚና ለጓደኛ ፋይል አትላኩ፣ የታተመ ቅጂ ስጡ። አንድ ምዕራፍ ግን እናንተው በቴሌግራም ልቀቁት፤ የት እንደሚሸጥም በስሙ፣ በሰፈሩ ጻፉበት። «በሁሉም መጻሕፍት መደብሮች» የሚለው ማስታወቂያ የትም የለም ማለት ነው።

ለብቻ የማይቻለው በማኅበር ይቻላል። አራት ጸሐፍት አንድ የአሳታሚ ስም ይዘው የንግድ ፈቃድ ቢያወጡ የመጀመሪያው ጥቅም ሽፋኑ ላይ ይታያል። የኤ5 መጽሐፍ ሙሉ ሽፋን ተዘርግቶ ትርፉን ጨምሮ 310 በ216 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ አራቱ ሽፋን ይገባል፤ በ4 ፕሌት አራት መጽሐፍ ማለት ነው። የሚፈርሰው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ ከመጀመሪያው መጽሐፍ የተመለሰው ገንዘብ ለማን እንደሆነ ሳይጻፍ ሲቀር። ከየሽያጩ የተወሰነ መቶኛ ለሚቀጥለው ኅትመት እንዲቀመጥ፣ ተራውም በዕጣ እንዲሆን ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። ቋንቋውም አማርኛ ብቻ መሆን የለበትም፤ አንባቢው ኦሮምኛም ሶማልኛም ሐረሪም ይናገራል፤ በአንድ ስም ሥር በአራት ቋንቋ ቢወጣ ሱቁም የሚደረድረው ነገር ያገኛል።

የከተማውና የክልሉ ባህል ቢሮዎች ደግሞ ለምረቃ አዳራሽ በነፃ በመፍቀድና የክብር እንግዳ በመላክ ጸሐፊን እየደገፉ ይመስላቸዋል። ከዚያ ይልቅ ከየአዲሱ መጽሐፍ 50 ቅጂ በመሸጫ ዋጋው ገዝተው ለትምህርት ቤትና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያከፋፍሉ። በላይኛው ስሌት 50 ቅጂ 20,000 ብር ነው፤ መደብር ስለማይካፈለው ሙሉው ለጸሐፊው ይደርሳል፤ የሦስት መቶ ቅጂ ኅትመት ወጪን ሲሶ ያህል ይሸፍናል። የሚገዛውን መጽሐፍ የሚመርጡት የቢሮው ሠራተኞች ሳይሆኑ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ይሁኑ፤ ክፍያውም ርክክብ በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ ይፈጸም።