ማትሪክ ብቻ ወይስ ማትሪክና አሜሪካ?

የክርክሩ መነሻ ይህ ነው፦ ባሕር ዳር የሚማር፣ ከክፍሉ ከ1 እስከ 5 የሚወጣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ጉልበቱን ሁሉ ለአገር አቀፉ ፈተና ይስጥ ወይስ ጎን ለጎን ሙሉ ወጪ ለሚሸፍኑ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ያመልክት? አንደኛው ተከራካሪ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሁለተኛዋ ማመልከቻ በመሙላት ተማሪዎችን የምታግዝ አማካሪ ናት።

መምህሩ፦
ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ተማሪው በስድስት ትምህርት ከ600 ይፈተናል፤ ማለፊያው ግማሹ፣ 300 ነው። በ2015 ዓ.ም. ያንን ያገኘው ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ጎበዙን ደግሞ 300 አያጠግበውም። አዳማና አዲስ አበባ ያሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ይፈትናል። እዚሁ ፖሊ (የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ገብቶ ኢንጂነሪንግ የሚፈልግም ቢሆን የትምህርት ክፍል የሚደርሰው በፍሬሽማን ውጤቱ ነው። ማትሪክን በጭንቅ ያለፈ ልጅ ካልኩለሱ ላይ ይጋለጣል።

በዚህ ላይ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ የሚያገለግለው ፈተና፣ ኤስኤቲ፣ ይጨመርበት እንበል። (ስሙ ከማትሪኩ አፕቲትዩድ ጋር ስለሚመሳሰል አንድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም።) የሒሳቡ ክፍል አልጀብራ፣ ኳድራቲክ፣ መቶኛ፣ ጥቂት ትሪጎኖሜትሪ ነው። ሊሚት፣ ደሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል የሉበትም፤ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ግን አሉ። ስለዚህ ለኤስኤቲ የተጠና ሦስት ወር ለማትሪክ የሚተርፈው 9ኛና 10ኛ ክፍልን ለመከለስ ያህል ነው። ያውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አዲሱ ትምህርት በሚከብድበት ሰሞን።

አማካሪዋ፦
ጋሼ፣ የካልኩለሱን ነገር እቀበላለሁ። ወቅቱን ግን ሳቱ። ኤስኤቲ 12ኛ ክፍል ተገብቶ የሚጀመር አይደለም። 11ኛን ሲያጠናቅቁ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጨረሻ ላይ ይፈተናሉ፤ ያልቀናው በነሐሴ ይደግማል። የማመልከቻው ድርሰት እስከ ጳጉሜን ያልቃል። የቀዳሚው ዙር ማመልከቻ ጥቅምት 22 ገደማ፣ መደበኛው ታኅሣሥ 23 ገደማ ይዘጋል። ማትሪክ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው፤ መሃላቸው ግማሽ ዓመት አለ።

ፈተናው 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፣ ከ1600። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ መተው በከንቱ መክሰር ነው። እንግሊዝኛውም ሒሳቡም በሁለት ሞጁል ይከፈላል፤ የመጀመሪያውን ያበላሸ ልጅ ሁለተኛው ቀለል ብሎ ይመጣለታል። «ኧረ ቀለለኝ» እያለ ሲደሰት የሚያገኘው ከፍተኛ ነጥብ ዝቅ ብሏል። ጥንቃቄው ስለዚህ መጀመሪያው ሞጁል ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ደስሞስ የሚባል ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር አለ፤ የእኛ ልጆች ያለ ካልኩሌተር ስላደጉ ዞር ብለው አያዩትም። ሁለቱን እኩልታዎች አስገብቶ የሚገናኙበትን ነጥብ ማንበብ ሲቻል ወረቀት ላይ ይደክማሉ። ሙሉ የልምምድ ፈተና ደግሞ ብሉቡክ በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ በነጻ አለ።

መምህሩ፦
እህቴ፣ ነጻው ልምምዱ ነው። ፈተናው ከ100 ዶላር ያልፋል፤ ከክፍያ ነጻ የሚደረጉት አሜሪካ የሚማሩ ወይም የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ችግረኞች ናቸው፤ በተራ የብር ካርድም አይከፈልም። ላፕቶፕ ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ወርዶ ከሆነ የሚፈተነው መንገዱና አልጋውስ? ኔትወርኩን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ አልነበረንም። ቀነ ገደብ ደግሞ ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ ተከፍሎስ? ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይቀበሉም። የእኔ 3.2 በመቶ መጽሐፍ ያልገለጠውንም ቆጥሮ ነው። ያንቺ 5 በመቶ ግን ሁሉም ጎበዝ ከሆነበት ሰልፍ የሚመረጥ ነው።

አማካሪዋ፦
ሰልፉ እውነት ነው። ዕድል የሚሰፋው ግን አራት ትልልቅ ስም በመጻፍ አይደለም። እነዚያ አራቱና እንደ አምኸርስት፣ ቦውዶይን፣ ዳርትማውዝ ያሉት የውጭ አገር ተማሪን የመክፈል አቅም ሳያዩ ይመርጣሉ፤ ለተቀበሉት የጎደለውን ይሞላሉ። ሌሎቹ አብዛኞቹ ሲመርጡ አቅምን ያያሉ፤ እነሱ ጋ ከፍተኛ እርዳታ መጠየቅ ራሱ ዕድል ይቀንሳል። ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከማንም የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። ዝርዝሩ ከሦስቱም ዓይነት መደባለቅ አለበት። የማመልከቻ ክፍያን በተመለከተ አቅም የሌለው እንዲቀርለት መጠየቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

ልጆቻችን የሚወድቁት ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ነው። አባቷ ዘጌ ላይ ቡናና ጌሾ የሚሸጥ ልጅ የቤተሰብ ገቢ ላይ «0» ትጽፋለች፣ ደመወዝ ስለሌለ። ማመልከቻውን የሚያነበው የዩኒቨርሲቲው ሰው «ታዲያ ምን ይበላሉ?» ይላል። የዓመቱ ምርት በኪሎ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ ለቤት የቀረው፣ ከዚያ በዕለቱ ምንዛሪ ዶላሩ፤ በዚህ ላይ ማኅተም ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ ከነትርጉሙ። ከክፍል ውጭ ያለ እንቅስቃሴ የሚሞላበት ቅጽ 10 መስመር አለው፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል፣ ባዶ ቦታውም ተቆጥሮ። «የክፍል አለቃ» ብለው ይጽፉና በሳምንት 20 ሰዓት ሱቅ መጠበቃቸውን፣ ታናናሾችን ማስጠናታቸውን ይተዉታል። የቤተሰብ ኃላፊነት በቅጹ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው! በ650 ቃል ድርሰቱ ላይ ደግሞ ስለ አክሱምና ላሊበላ ይተርካሉ፤ የተጠየቁት ስለ ራሳቸው ነው።

ትልቁ ጉድለት ግን እናንተ ዘንድ ነው ጋሼ። «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ተማሪ ነው» የምትል ሦስት መስመር ደብዳቤ ማንንም አታስገባም። ትምህርት ቤቱ የደረጃ አሰጣጡን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ካላያያዘም 88 አምጥቶ አንደኛ የወጣውን ልጅ አሜሪካዊው እንደ መካከለኛ ሊያነበው ይችላል።

መምህሩ፦
ስለ ደብዳቤው ተነካሁ፤ ልክ ነሽ። ክፍሉ 60 ልጅ ሲሆን ስም ማስታወስም ይከብዳል። ልጁ ራሱ አንድ ገጽ ማስታወሻ ያምጣልኝ፦ የትኛውን ጥያቄ በምን መንገድ ፈታ፣ ማንን አስረዳ፣ የት ተሳስቶ ተመለሰ። ከዚያ እኔ ባየሁት ልክ እጽፋለሁ።

በአንድ ነገር ግን አልለቅም። የመደበኛው ዙር መልስ የሚመጣው መጋቢት ላይ ነው፣ ሞዴል ፈተና ሲቃረብ። «አልተቀበልንህም» የተባለ ልጅ ሁለት ሳምንት መጽሐፍ አይነካም። የተቀበሉትም ቢሆን 12ኛን ማጠናቀቁን የሚያሳይ የመጨረሻ ውጤት ይጠይቁታል፤ ቪዛው ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ማትሪክን ተጠባባቂ አድርጎ የሚቀመጥ ልጅ ከሁለቱም ይወድቃል። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ 11ኛ ክፍል ላይ በሒሳብና በፊዚክስ ከ85 በታች ያመጣ አይሞክረው። የሞከረም ከታኅሣሥ 23 በኋላ ላፕቶፑን ይዝጋ።

አማካሪዋ፦
85ቷን አልቀበልም። ፊዚክሱ 78 ሆኖ እንግሊዝኛው የሚያስደንቅ ልጅ አለ፤ እነዚህ ኮሌጆች እሱንም ይፈልጋሉ። ላፕቶፑን መዝጋቱን ግን እፈርማለሁ፤ ኢሜይል ለማየት በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፍት።

መምህሩ፦
እንግዲህ ደብዳቤ የሚፈልግ ሁሉ በግንቦት ይምጣ። ጥቅምት 20 ማታ ደጄን ለሚያንኳኳ አልጽፍም።

አማካሪዋ፦
ጥቅምት 20 የሚመጡት ናቸው ከሁሉ የሚበዙት፣ ጋሼ። ለታኅሣሥ 23 ይጻፉላቸው።