ክራር ስንት ቁጥር ነው?

ባነሩ ኪቦርዶቹን በሁለት ሳምንት ቀደማቸው። የትምህርት ቤታችን በር ላይ ከግንብ ግንብ ተወጥሯል፤ አንዲት ፈረንጅ ሕፃን ፒያኖ ላይ እጇን ጥላ ትስቃለች፤ ከሥሯ በቀይ «የዓለም ሙዚቃ ከኪቦርድ ጋር! ምዝገባ ጀምረናል» ይላል። እኔ የሙዚቃው መምህር ነገሩን ያወቅሁት እንደማንኛውም አላፊ አግዳሚ ከታክሲ ስወርድ አንብቤ ነው።

ቢሮ ገባሁና የትምህርት ቤቱን ባለቤት ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የዓለም ሙዚቃ ሲባል የትኛው ነው?»

«የዓለሙ ነዋ!» አሉኝ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ማዶ ያሉት መዋኛ ገንዳ እያስቆፈሩ ነው። እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንይ?»

ሥርዓተ ትምህርቱ ይኸው ነበር። እነሱ ይቆፍራሉ፣ እኛ እንጫወታለን።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ከሰኞ እስከ ዓርብ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ስለዚህ የወላጆች ስብሰባ በመጣ ቁጥር አንድ ሱፍ የለበሰ አባት ትክ ብሎ አይቶኝ «የት ነው የማውቅህ?» ማለቱ አይቀርም። የት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም። ያን ዕለት ከረባቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ነበር።

ኪቦርዶቹ መጡ። 12 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 61 ቁልፍ አላቸው። አራተኛ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ 38። አንዱን ለሦስት ስናካፍል ሁለት ይተርፋሉ፤ እነሱን «አድማጭ» ብዬ ሾምኳቸው። አድማጭ የሌለው ሙዚቃ ዋጋ እንደሌለው በሰፊው አስረዳሁ። አንደኛው አድማጭ እዚያው አለቀሰ።

ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት ቀን ተዘጋጅቼበታለሁ። አቀማመጥ፣ የእጅ አያያዝ፣ የጣት ቁጥር፤ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ «1» ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ ከኋላዬ ሙሉ ባንድ ተነሣ፤ ከነከበሮው፣ ከነጥሩምባው።

ለማያውቅ ሰው፦ ኪቦርድ ላይ «ዴሞ» የሚባል ቁልፍ አለ። ሲጫኑት መሣሪያው ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ እንደ ባለሙያ ይጫወታል። ሱቅ ውስጥ ገዢ ለማማለል የተሠራ ነገር ነው። ልጆቹ የመጀመሪያዋን ኖታ፣ «ዶ»ን፣ ፈልገው ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ ዴሞን ለማግኘት ሦስት ሰከንድ። ሁሉም እኩል ቢጫኑት እንኳ ደግ ነበር፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው አጋምሶ ሌላው ሊጨርስ ሆኖ ክፍሉ ታቦት እንደወጣበት አደባባይ ተናጋ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ባለቤቱ ብቅ አሉ። ቆመው አዳመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«በአንድ ቀን?» አሉኝ።

አላረምኳቸውም። ደመወዜን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።

ዶን ያስተማርኩት በመጨረሻ በትራንስፖርት ነው። የኪቦርድ ጥቁር ቁልፎች ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ነው የሚደረደሩት። ሁለቱን ባጃጅ፣ ሦስቱን ሚኒባስ አልናቸው። ዶ ማለት ከባጃጁ በስተግራ የቆመችው ነጭ ናት፤ ፋ ከሚኒባሱ በስተግራ። ከዚያ በኋላ የሳተ ልጅ የለም። «ቲቸር፣ ላዳ የለም?» ያለ ግን አለ። ጥርሱ የወለቀ፣ ፊት ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ ደጋግሜ አነሣዋለሁ።

ኪቦርድ ወደ ቤት ስለማይወሰድ የቤት ሥራው በካርቶን ነው። ሁሉም ካርቶን ቆርጦ፣ ቁልፎቹን በእስክሪብቶ ሥሎ፣ ማታ ማታ እሱ ላይ ይለማመዳል። አንዲት እናት ደወሉልኝ። «መምህር፣ ልጄ የኑድልስ ካርቶን እየደበደበ ‹ዝም በሉ፣ እየተለማመድኩ ነው› ይለናል። ደህና ነው?» ደህና ነው አልኳቸው። «ታናሽ እህቱም ‹ተሳሳትክ› እያለች ትቆጣዋለች» አሉኝ። እሷንም ለከርሞ ያስመዝግቡልን አልኳቸው።

ሌላው አባት በአካል መጡ። «ኪቦርድ የፈረንጅ ነው፤ ባህላችን ምን አለው?» ብለው ያዙኝ። እንግዲህ እኔም ሲነኩኝ አልችልም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ አምጥተው የማርሽ ባንድ እንዳደረጓቸው፣ የዘውዱ በዓል መዝሙርም በመሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እንደተደረሰ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ኃይሉ መርጊያ አለፍኩ፤ የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ሰውየው ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ለካ እሳቸውም ሹፌር ናቸው። «የኔ ኋላ ጋዝ ሲሊንደር ነው ያለበት» ብለውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ወደ ዓለም እንሂድ። በ1991 እ.ኤ.አ. መሣሪያ አምራቾቹ «ጄኔራል ሚዲ» በሚባል ስምምነት 128 ድምፆችን በቁጥር ተከፋፈሉ፤ የማንም ፋብሪካ ኪቦርድ 1 ቁጥር ፒያኖ እንዲሆን። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። እኛ እዚህ መንግሥት ስንቀይር እነሱ እዚያ ቁጥር እየተካፈሉ ነበር።

ከ128ቱ «የብሔረሰቦች» ተብሎ ለዓለም የተሰጠው ከ105 እስከ 112 ያለው ነው፤ ስምንት ቁጥር። 105 የሕንድ ሲታር፣ 106 ባንጆ፣ 107 እና 108 ሁለቱም የጃፓን፣ ሻሚሴንና ኮቶ። 110 የስኮትላንድ ከረጢት ዋሽንት፣ 111 ፊድል፣ 112 ሸናይ፣ እሱም የሕንድ። አፍሪካ በሙሉ፣ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን፣ በ109 ቁጥር ካሊምባ በምትባል አንዲት በአውራ ጣት የምትመታ መሣሪያ ውስጥ ተጠቃልሎ ገብቷል፤ የሰርግ ሚኒባስ ውስጥ እንደታጨቀ ሚዜ።

ጥርሱ የወለቀው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ክራር ስንት ቁጥር ነው?»

አብረን ፈለግን። ማሲንቆ የለም። በገና የለም። ዋሽንት የለም። 124 የወፍ ጫጫታ ነው። 125 የስልክ ጥሪ ነው። 126 ሄሊኮፕተር ነው። 127 ጭብጨባ፣ 128 የጥይት ተኩስ። ሄሊኮፕተር ቁጥር ደርሶት ክራር ሳይደርሰው መቅረቱን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል? ደግነቱ ልጁ ሄሊኮፕተሩን ከሰማ በኋላ ክራሩን ረሳው። እስከ ደወል ድረስ ክፍላችን አየር ማረፊያ ነበር።

ምቱም እንደዚያው ነው። ቦሳ ኖቫ አለ፣ ታንጎ አለ፣ ፖልካ አለ፤ ችክችካ የለም። እኔ ግን የሰርግ ሰው ነኝና መላ አላጣም። ቫልስ የሚባለውን የቪየናዎች የዳንስ ምት ከፍቼ ፍጥነቱን ጣራ ሳስነካው የሁለቱ አድማጮች ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቪየና ይቅር ይበለኝ።

ክራርማ አለን። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ከማሲንቆና ከበገና ጋር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «አትንኩ» የሚል ወረቀት። ወላጅ ክፍያ ሲጠብቅ ፎቶ ይነሣበታል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያውሱኝ ባለቤቱን ለመንኳቸው።

«ዲኮር እኮ ነው!» አሉኝ ደንግጠው። «ልጆች ነክተውት ቢሰበርስ?»

አንድ ቀን ማንም ሳያይ ጠጋ አልኩት። በብሎን ነው የታሰረው። ከስድስቱ ክሮች የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ማሲንቆው ጭራ የለውም። በገናውን አልቆጠርኩትም፤ ዘበኛው መጣ።

የጃፓን ተራ ደረሰ። 108 ቁጥር ኮቶን ጫንንና አምስት ነጭ ቁልፎች ብቻ ሰጠኋቸው፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ጃፓኖች ከሚጫወቱባቸው ስኬሎች፣ በኛ አባባል ቅኝቶች፣ አንዱ እንዲህ ይሄዳል። የኛም የአምባሰል ቅኝት ከሚ ሲነሣ እነዚሁ አምስቱ ናቸው፤ አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ። ይህን ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ልጆቹ ቀስ ብለው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው፣ በተራ በተራ ይወርዱታል፤ ዶ፣ ሲ፣ ላ፣ ፋ፣ ሚ። ሚ ላይ ሲያርፉ ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ይወርዳል።

ባለቤቱ በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ቶኪዮ!» ብለው ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ የጽዳቷ እትዬ መወልወያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ወሎዬ ናቸው።

«መምህር፣ ማነው አምባሰልን እንዲህ የሚነካው?»

«ልጆቹ ናቸው። የጃፓን ሙዚቃ ነው እትዬ።»

«አይ እንግዲህ» አሉኝ። «ጃፓን ወሎን መቼ አይቶት?»

መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ ከሥር ከሥር ማንጎራጎር ጀመሩ። 38ቱም ዞረው አዩአቸው። ሁለቱ አድማጮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደምጡት ነገር አገኙ።

የወላጆች በዓል ሲቃረብ ባለቤቱን አንድ ነገር አሳሰብኳቸው። መብራት ቢጠፋስ? ኪቦርዶቹ በባትሪ ድንጋይም ይሠራሉ፤ አንዱ 6 ይወስዳል፤ ለ12ቱ 72 ይበቃናል።

«72 ድንጋይ?» አሉኝ። «ቤት ልሠራ ነው እንዴ?»

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ልጆቹ ባንዲራ ያዙ፤ ሕንድ፣ ስኮትላንድ፣ ጃፓን። «አፍሪካ» የደረሳት ልጅ የምትይዘው ባንዲራ ጠፍቶ የነብር ቆዳ የሚመስል የሶፋ ጨርቅ አለበሷት። ወላጅ ስልኩን አውጥቶ ተደርድሯል። 12ቱ ተመራጮች ተቀመጡ፣ ጣታቸውን አስተካከሉ፣ እኔን አዩ፣ እጄን አነሣሁ። መብራት ጠፋ።

ሌላ አገር ቢሆን ልጅ ይደነግጣል። የኔዎቹ ግን ካርቶን ላይ ያደጉ ናቸው። ድምፅ የሌለው ቁልፍ ለነሱ ምንም አዲስ ነገር አይደለም። ቀጠሉ። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፤ በትክክለኛው ጣት፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ያለ አንድ ስህተት። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የፕላስቲክ ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው፤ ከኋላ በኩል ደግሞ፣ ከሻይ ጀበናው አጠገብ፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል።

«ድምፁ እኛ ጋ አይደርስም እንዴ?» አሉ አንዲት እናት።

ባለቤቱ ወደ እሳቸው ዘንበል አሉ። «የጃፓን እኮ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ለስላሳ ነው።»

እናትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁና መቅረጻቸውን ቀጠሉ። ተጨበጨበ። ልጆቹ ተነሥተው እጅ ሲነሡ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ 12ቱም ኪቦርዶች መብራታቸው ቦግ ብሎ ወደ 1 ቁጥር ተመለሱ። አንዱ ብቻ አልቆየበትም። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ደቂቃ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጣቱን ሰደደና 1፣ 2፣ 6 ብሎ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ወላጅ ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማዩን አየ።

ሰኞ ጠዋት ከታክሲ ስወርድ ሁለት ልጆች መሰላል ላይ ቆመው አዲስ ባነር ያስራሉ። ያቺው ፈረንጅ ሕፃን ናት፤ አሁን ሰማያዊ መነጽር አድርጋ እስከ አገጯ ውኃ ውስጥ ገብታለች። ባለቤቱ በሩ ላይ ይጠብቁኛል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

«መምህር፣» አሉኝ ትከሻዬን አቅፈው፣ «አንተ የባሕር ዳር ልጅ ነህ አይደል?»