«ይሙቅልን» ብለን ያጨበጨብን ዕለት

ወገኖቼ፣ በሰሜን ስዊድን የምትኖሩ ሐበሾች፣ ባለፈው የካቲት በሉሌዮ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ረስታችሁት ይሆናል። ቡናው ተፈልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሰው ተሳስቆ የተለያየበት ምሽት ስለነበር የሚታወስ ክፉ ነገር አልነበረበትም ትሉም ይሆናል። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ ይቅር ልለውም አልቻልኩም።

በዚያ ምሽት እንግዳ ነበረችን። ከሳሚ ሕዝብ የተወለደች፣ ስዊድኖች ሬን የሚሏቸውን አጋዘኖች እንደ አባቷና እንደ አያቷ እያረባች የምትኖር፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ራሷ አልመጣችብንም፤ የጋበዝናት እኛ ነን። «ልጆቻችን የሚያድጉበትን ምድር ነባር ሰዎች እንወቅ» ብለን በስብሰባ ተስማማን፤ ደውዬ የለመንኳትም እኔ ነኝ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ላይ ነድታ መጣች። ስዊድንኛዋን ወደ አማርኛ፣ የእናንተን አማርኛ ወደ ስዊድንኛ የምመልሰውም እኔ ነበርኩ።

የተናገረችውን ዛሬ እንደገና ልንገራችሁ፤ በዕለቱ የሰማችኋት አይመስለኝምና።

ብርድ ጠላቷ እንዳልሆነ በመንገር ጀመረች። ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ሲሆን በረዶው እንደ ዱቄት ደረቅ ነው፤ ሬኗ በኮቴዋ ገፋ ገፋ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ላይከን ታገኛለች፤ ላይከን ማለት በእኛ በሰሜን ተራሮች ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው ነገር የቅርብ ዘመድ ነው። የሚገድላቸው በጥር አጋማሽ ለአንድ ቀን ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ ሲደርስ እንደሆነ ነገረችን። በዚያ ቀን በረዶ ሊወርድ ሲገባው ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡ በበረዶው መሐል ሰርጎ መሬት ይነካል፤ በማግሥቱ ብርዱ ሲመለስ ውኃው እንደ መስተዋት ይጋገራል፤ መኖው ከመስተዋቱ ሥር ተቆልፎ ይቀራል። በቋንቋቸው «ቹኦህኪ» ይሉታል። ሬኗ መኖዋን ታሸተዋለች፣ ትቧጭራለች፣ አትደርስበትም። በዚያ ወር ብዙዎቹ እንስቶች እርጉዞች ናቸው። አያቷ በዕድሜያቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ያዩትን እንዲህ ያለ የብርድ ወራት እሷ በየጥቂት ዓመቱ እንደምታየው፣ መንጋዋን ለማትረፍም መኖ በከረጢት ገዝታ በበረዶ ሞተር እየጫነች እንደምታድር አጫወተችን። ከመካከላችን አንዱ «ስንት ሬን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት። በሳሚዎች ዘንድ ይህ ነውር ነው፤ ሰውን በባንክ ስንት ብር አለህ እንደማለት ይቆጠራል፤ የእኛም አገር ባለከብት ቢሆን ከብቱን ለእንግዳ አይቆጥርም። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ «ካቻምና ከነበሩኝ ያነሱ» ብላ ዝም አለች።

በዚህ ጊዜ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አባት ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄ፣ እኛ ደግሞ በዚህ አገር ብርድ አጥንታችን አለቀ። ይሙቅልን እንጂ! እግዜር ይጨምርበት!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አጨበጨባችሁ። ከኋላ አንዱ «ትንሽ ከሞቀማ ጤፍ እንዘራለን!» ብሎ ጨመረበትና ጭብጨባው እንደገና ተነሣ። እሷም ሳቁን አይታ ፈገግ አለችና ወደ እኔ ዞራ «ምን አሉ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«በእንስሳቶችሽ ማለቅ አዝነዋል፤ እግዚአብሔር ያበርታሽ እያሉሽ ነው» አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነችን። በአዳራሹ ካሰማነው ሳቅ ሁሉ ይልቅ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ ምስጋና ነው።

ቡና ላይ ደግሞ ክርክር ተነሣ፤ እሷ አጠገባችን ቁጭ ብላ ሳለ፣ በማይገባት ቋንቋ። «ሁለት ዲግሪ እንኳን ለማይሞላ ነገር ይህን ያህል ልቅሶ ምንድነው?» ያላችሁ ነበራችሁ። እንግዲያውስ ስሙ። የስዊድን የሚቲዎሮሎጂና የሃይድሮሎጂ ተቋም እንደመዘገበው፣ ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው የአገሪቱ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ1861 እስከ 1890 ከነበረው በ1.9 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል፤ ይህም የዓለም አማካይ ከጨመረው እጥፍ ያህል ነው። አማካይ ግን ደግ ቁጥር ነው፤ ጭከናውን ይሸፍናል። ጭማሪው በዓመቱ ቀናት ሁሉ እኩል አልተከፋፈለም፤ እዚህ በሰሜን ይበልጥ የከበደው በብርዱ ወራት ላይ ነው። ከዚያም በላይ የቁጥሩ ትንሽነት ትርጉም የሚኖረው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ሲታወቅ ነው። በሰሜን ስዊድን ጫፍ ባለው በአቢስኮ የምርምር ጣቢያ ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙቀት በየቀኑ ይለካል። የዚያ ቦታ ዓመታዊ አማካይ ለረጅም ዘመን ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ አካባቢ ሲዋልል ቆይቶ፣ በዚህ ምዕተ ዓመት ዜሮን ተሻግሯል። ከሃያ ስድስት ወደ ሃያ ስምንት ዲግሪ መሄድ ሸሚዝ ያስወልቃል፤ ከዜሮ በታች አንድ ወደ ዜሮ በላይ አንድ መሄድ ግን በረዶን ዝናብ ያደርጋል። የእንግዳችን ነገር በሙሉ ያረፈው በዚያች ዜሮ ላይ ነበር፤ እኛም በእሷ ላይ ነው የሳቅነው።

«በ2024 ጥር እዚሁ ሰሜን ባለችው በክቪክዮክ መንደር ከዜሮ በታች ከአርባ ሦስት ዲግሪ በላይ ወርዶ የለም እንዴ? ሙቀቱ የታለ?» ብሎ የተከራከረኝ ወንድሜም መልስ አላጣሁለትም። ወርዷል፤ አፍንጫዬ ይመሰክራል። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ያልታየ የጥር ብርድ ተብሎ ጋዜጣ ላይ የወጣውም የዚህ አገር አያቶች እንደተራ ነገር ያዩት የነበረው ብርድ ዛሬ ብርቅ ስለሆነ ነው። በስዊድንና በፊንላንድ ድንበር የሚወርደው የቶርን ወንዝ በረዶ በፀደይ የሚሰበርበት ቀን ከ1693 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጽፏል፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ማለት ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ወጣ ገባ የሚሉ ዓመታት ሞልተዋል፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው፤ በረዶው እየቀደመ ይሰበራል።

የሚያሳዝነኝ ግን ቁጥሩን አለማወቃችሁ አይደለም። ቁጥር ይማሩታል። እኛ እኮ ከብት ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ያነበብን ሰዎች አይደለንም። በ1977 ዓ.ም. ሕፃን የነበራችሁ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቦረና ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር፣ ከብቱ በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ፣ ፎቶውን በስልክ እየተላላክን «ወይ አምላኬ» ስንል አልነበረም? ለቦረናው ብር አዋጥተናል። ለዚህች ሴት ግን መኖ እያሸተተ የሚሞት እንስሳ ስትነግረን አጨበጨብን፤ በራችን ላይ ደግሞ ስንወጣ እንዳይበርደን ብለን ሞተራቸውን ሳናጠፋ ያቆምናቸው መኪኖች ነበሩ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይህ ነው።

ስለ እናንተ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ራሴ ልናገር። እናንተ በአማርኛ ሳቃችሁ፤ እኔ በስዊድንኛ ዋሸሁ። ያከበርኳችሁ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ለክብራችሁ ሳይሆን ለራሴ ነው፤ ሐበሻን ደግ አድርጌ ማሳየት እወዳለሁና። የእኚያን አባት ቃል በቀጥታ ብመልሰው ኖሮ ምናልባት ትመልስላቸው ነበር፤ ምናልባት እሳቸውም ያፍሩ፣ ይቅርታም ይጠይቁ ነበር፤ ደግ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ያንን ዕድል ከሁለቱም ቀማኋቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርታ የምትሰማ። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ኮቷን ስትለብስ ግን «ለምን እንደዚያ ብለህ ተረጎምክ?» ብላ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ፤ እኔም ቸኩያለሁ ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ከእንግዳችን ደብዳቤ መጣ። በበጋው አጋማሽ የሬን ግልገሎች ጆሯቸው ላይ የባለቤታቸው ምልክት በቢላ ይደረጋል፤ ብርሃኑ በማይጠፋበት ሌሊት፣ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ። «በሐዘናችን ላዘናችሁልን ሰዎች» ብላ ነው የጠራችን። ደብዳቤውን ለማኅበሩ ሳነብ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ሌላው ስለ መንገዱ ርዝመትና ስለ ትንኙ አወራ።

እኔ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት በዚያ ምሽት የተባለውን በትክክል ተርጉሜ እጽፍላታለሁ፤ ከዚያ በኋላ አትምጡ ካለች አንሄድም። ኑ ካለች ግን፣ እስካሁን አብረውኝ ሊመጡ የተመዘገቡት ያቺ ልጅና እናቷ ናቸው። መኪናዬ አምስት ሰው ትይዛለች። ከፊት ያለውን ወንበር ለእኚያ አባት ትቼዋለሁ፤ ገና አልጠየቅኋቸውም።