ጋሻውን ለሳም ተዉለት

ጋሻውን ለሳም ዊልሰን ያስረከበው የመጀመሪያው ካፒቴን አሜሪካ፣ ስቲቭ ሮጀርስ፣ ሊመለስ ነው። የልዕለ ጀግና ፊልሞች ሠሪው ማርቭል በዲሴምበር 2025 ባወጣት አጭር ማስታወቂያ ሰውየው በሞተር ሳይክል ቤቱ ሲገባና ሕፃን ሲታቀፍ አሳየን፤ መጪውን ፊልም ጠቅሶም «በአቬንጀርስ ዱምስዴይ ይመለሳል» የሚል ጽሑፍ አስከተለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) እዚህ ጎንደር ከማራኪ ግቢ እስከ ፒያሳ ፊልም የሚያስጭነው ወጣት ጮቤ ረገጠ። ይርገጥ። እኔን ያበገነኝ ደስታው ሳይሆን አብሮት የመጣው ንግግር ነው፦ «ድሮም ሳም ዊልሰን ካፒቴን አሜሪካ አይሆንም፤ ገበያው መስክሮበታል።»

ምን ብሎ መሰከረ? በ2025 የወጣው፣ አንተኒ ማኪ ሳምን ሆኖ የሠራበት የካፒቴን አሜሪካ ፊልም በመላው ዓለም ወደ 415 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ይህን ቁጥር እንደ ሞት ፍርድ የሚያነቡልን ሰዎች፣ ስቲቭን የሚጫወተው የክሪስ ኢቫንስ የመጀመሪያው የካፒቴን አሜሪካ ፊልም በ2011 ስንት እንዳስገባ ግን አያነሡም። 370 ሚሊዮን ገደማ ነው! የዋጋ ንረት እንዳትሉኝ፤ እሱን ከቆጠራችሁ ከኮሮና ወዲህ ከሲኒማ ቤት የቀረውን ተመልካችም ቁጠሩልኝ። ያኔ «ይሄ ልጅ አልሆነም» ብሎ ያባረረው አልነበረም። በ2014 ሁለተኛ፣ በ2016 ሦስተኛ ፊልም ተሰጠው፤ ሦስተኛው ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሳም አንድ ፊልም ሠራና ወዲያው «አባትየውን» ስቲቭን ጠሩበት።

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ፋሲል ግቢ መግባት ይበቃዋል። አጼ ፋሲል ግንባቸውን አቆሙ። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ እዚያው ተደላድለው አልተቀመጡም፤ ቤተ መጻሕፍታቸውን አሠሩ። ታላቁ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ፤ ሣልሳዊ ዳዊት የመዝሙር አዳራሹን፣ በካፋ የግብር አዳራሻቸውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የራሳቸውን ግንብ። ሁሉም የፋሲልን ግንብ እየለሰኑ «እነሆ አዲስ» ቢሉን ኖሮ ዛሬ ቱሪስቱ አንድ ግንብ አይቶ በሩብ ሰዓት ይወጣ ነበር። ማርቭልም ቢሆን የተገነባው እንደዚሁ ነው። በ2008 አይረን ማን ከሸረሪቱ ሰውዬ ጋር ሲተያይ ሁለተኛ ደረጃ ጀግና ነበር። በ2014 ደግሞ አንድ ራኩንና አንድ የሚናገር ዛፍ ያሉበት ፊልም ከ770 ሚሊዮን ዶላር በላይ አመጣ፤ ማን ናፍቋቸው ነበር? ዛሬ የምትናፍቁት ሁሉ ያኔ አዲስ ግንብ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚናፈቀውን አሁን ማን እየሠራ ነው?

የተመላሽ ንጉሥን ጣጣም ይህ ከተማ ያውቀዋል። ታላቁ ኢያሱ ከከተማው ርቀው ጣና ላይ ሳሉ በ1706 ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሠ። አባት ሊመለሱ ነው ሲባል ተገደሉ፤ ልጅየውም «ርጉም» ተብሎ ቀረ። አሮጌው ንጉሥ ልምጣ ሲል አልጋ ወራሹ ምን ይሁን? እዚህ ደም ያፈሰሰውን ጥያቄ ማርቭል በአንዲት ማስታወቂያ ዘለለው።

«በኮሚክስ ሁሉም ሞቶ ይመለሳል» የሚሉም አሉ። ሱፐርማን በ1992 ሞቶ በ1993 ተነሣ፤ ብዙ ሳይቆይ የኮሚክስ ገበያው ተንኮታኮተ፣ ማርቭል ራሱ በ1996 መክሰሩን አሳወቀ። ሁሉም ከአንድ ትንሣኤ መጣ አልልም። ግን ማስረጃ ብላችሁ የምታቀርቡት ይሄንን ከሆነ አስቡበት።

የድሮዎቹን ተዋንያን የመለሰውን የሸረሪቱን ሰውዬ ፊልም «ኖ ዌይ ሆም»ን እሰጣችኋለሁ። 1.9 ቢሊዮን ዶላር ያስገባው ግን ሦስት ሸረሪቶች ስለተሰለፉ አይደለም። ከሦስቱ አንዱ አንድሩ ጋርፊልድ ዕዳ ይዞ ነው የመጣው፦ በ2014 ፊልሙ ፍቅረኛው ግዌን ስትወድቅ ሊያድናት አልቻለም፤ እዚህ የአዲሱ ሸረሪት ፍቅረኛ ኤምጄ ስትወድቅ ያዛት፣ ፊቱም ተለዋወጠ። ተመላሹን ከታሪኩ አውጥታችሁ እዩ፤ ምንም ካልፈረሰ የመጣው ለጭብጨባ ነው። በ2023 «ዘ ፍላሽ» ማይክል ኪተንን ከ1992 በኋላ የባትማን ልብስ አለበሰው፤ በ2004 ያረፈውን የድሮውን ሱፐርማን የክሪስቶፈር ሪቭን ፊት ሳይቀር በኮምፒውተር ሠርቶ አቆመ። ያስገባው 270 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ለመሥራት ብቻ ከወጣው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጋር ሲነጻጸር ኪሳራ ነው።

ሌላም ችግር አለ። አሮጌው ጀግና ብቅ ሲል ዳይሬክተሩ የድሮውን ዜማ ያስገባና ለጩኸት የሚሆን ጥቂት ሰከንድ ይተዋል። በሞላ አዳራሽ ክፍተቱን ሕዝብ ይሞላዋል። በፍላሽ ዲስክ አስጭኖ አልጋው ላይ በስልክ ለሚያየው ግን ተዋናዩ ዝም ብሎ ያፈጥበታል፤ ጎኑ ያለው ታናሽ ወንድሙም «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል። ማርቭል በማርች 2025 ከአምስት ሰዓት በላይ የተዋንያን ስም ያለበት ወንበር እያሳየ ለዱምስዴይ 27 ስም ጠርቷል። ፊልሙ እንደ «ኤንድጌም» 181 ደቂቃ ቢሆን እንኳ ለአንድ ሰው ሰባት ደቂቃ አይደርሰውም። መግቢያ፣ ጭብጨባ፣ አንድ ቀልድ፣ አንድ ቡጢ፤ አለቀ።

የሮበርት ዳውኒን ነገርማ ተዉት። እሱ የተጫወተውን አይረን ማን፣ ቶኒ ስታርክን፣ በ2019 አልቅሰን ቀበርን፣ ተዝካሩንም በላን። አሁን ያንኑ ፊት ለአዲሱ ፊልም ክፉ ሰው ለዶክተር ዱም ሰጡት፤ ዱም ደግሞ ፊቱን በብረት ጭንብል የሚሸፍን ሰው ነው! ለመሸፈን ብለው ዓለም የሚያውቀውን ፊት ገዙ።

ፊልሙ ዲሴምበር 18፣ 2026 ይወጣል ተብሏል። እኔ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ጋሻው ተወርውሮ ሲመለስ ማን እጅ ላይ እንደሚያርፍ። ሳም ቆሞ እያየ ስቲቭ ከቀለበው፣ በ2021 በተከታታይ ፊልም ስድስት ክፍል ሙሉ «ይገባዋል፣ አይገባውም» እያሉ ያስጨነቁን ለምን ነበር?