ግማሹ ክፍል ሲወድቅ ሰነፉ ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት እኛ ወላጆች የልጆቻችንን ካርድ ልንቀበል ተሰብስበን ነበር። 6ኛ ክፍል ሒሳብ ከግማሽ በላይ ወድቋል። ለምን ብለን ስንጠይቅ ምክትል ርዕሰ መምህሩ «እኛ አስተምረናል፤ ውጤቱ የተማሪው ነው» ብለው ዘጉት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ ሁለት ልጅ ቢወድቅ እሺ፣ አላጠኑም እንበል። ግማሹ ክፍል አብሮ ሲወድቅስ? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1 ሺህ 300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች የሚያጠና ልጅ ጠፋ ሊሉን ነው? እነዚያ ልጆች እኮ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ማርክ እየተሞላላቸው፣ «አልፏል» እየተባሉ ነው እዚያ የደረሱት። ማርኩን የሞላው ማን ነው?

አንድ መምህር ደግሞ ተነስተው «ልጆቹን ያበላሻቸው ቲክቶክ ነው» አሉ። ይሄ እንኳ ባይነሳ ይሻል ነበር። ከወደቁት ውስጥ እናቷ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር፣ ቤታቸው ስማርት ስልክ ያልገባ ልጅ አለች። እሷንስ ምን አበላሻት? ስልኩ የሚነካው ቤት ነው። ክፍል ውስጥ ያለው ሰዓት ግን የእናንተ የመምህራኑ ነው።

የልጄን ደብተር ይዤ ነበር የሄድኩት። ክፍልፋይ ሲደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ይደምራል። 1/2 እና 1/3 ሲደመሩ 2/5 ይሆናሉ ብሎ ጽፏል። ይህንኑ ስህተት ሦስት ገጽ ሙሉ ደጋግሞታል። በየገጹ ግርጌ ግን በቀይ እስክሪፕቶ «ታይቷል» ተብሎ ተፈርሞበታል። ምኑ ነው የታየው? «ቆይ፣ መጀመሪያ ታችኛውን አመሳስል» የሚለው ሰው ነበር የጠፋው። ማታ ቤት ቁጭ አድርጌ ሳሳየው ወዲያው ገባው። እኔ የሒሳብ መምህር አይደለሁም።

የፈተና ወረቀትም አይመለስላቸውም። ካርዱ ላይ 41 ይጻፋል፣ አለቀ። ልጁ ምን እንደሳተ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። መምህሩ ያውቃል፤ ግን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ሄዷል። ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ በክፍያ «ቲቶሪያል» የሚያስጠናው እሱ ራሱ ነው። እዚያ የገቡት ልጆች ይገባቸዋል። ጠዋት ያልገባው ልጅ ሲከፈልለት እንዴት ገባው? ይህን ጥያቄ ስናነሳ ስብሰባው «ሰዓት ሄደ» ተብሎ ተበተነ።

የመምህር ደመወዝ እንደማያኖር አውቃለሁ። ይጨመርላቸው፣ እኔም አብሬ እጮሃለሁ። ግን የደመወዙ ማነስ በልጄ ላይ የሚወራረድ ዕዳ አይደለም።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተጀምሯል። የፈተና ወረቀቱ ለልጆቹ ይመለስ። ግማሹ ክፍል የሳተው ጥያቄ ካለ፣ ሌላ ምዕራፍ ሳይነካ እንደገና ይማሩት፣ ያለ ክፍያ፣ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ የልጆቻችንን ማርክ ብቻ አታንብቡልን። የትኛውን ትምህርት ማን ደግሞ እንዳስተማረ ንገሩን። ለዚያ ከሆነ ከሥራ አስፈቅደንም እንመጣለን።